የጋሽ እንቢ ሕይወትና የተቆረጠው ፎቶግራፍ

ወንድሜን ለመሸኘት የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ወዳጆች፣ የሕይወታቸውን ታሪክ ማንበብ ከመጀመሬ በፊት ስልኮቻችሁን ወደ ኪሳችሁና ወደ ቦርሳችሁ እንድትመልሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ትሕትናው ካልበቃ ደግሞ እኔ እህታቸው ዕድሜዬን በሙሉ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስነት ሰው ስገሥጽ የኖርኩ መሆኔን አስታውሳለሁ። ይህ የእኔ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የእርሳቸው ኑዛዜ ነው። በቀብራቸው ላይ የቆመ ሰው ፊት በማንም ስልክ ውስጥ እንዳይቀር አደራ ብለውኛል፤ ለምን እንዳሉ ታሪኩ ሲነበብ ይገባችኋል።

ወንድሜ የሠሩበት ጋዜጣ ባለቤት ለዛሬ የሚሆን ጽሑፍ አስረቅቀው፣ በጥሩ ወረቀት አስተይበው ልከውልኝ ነበር። በውስጡም ወንድሜ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» እንደሞቱ፣ በሕይወት ዘመናቸውም «ማንንም ሳያስቀይሙ» እንደኖሩ ተጽፏል። ሁለቱም ውሸት ስለሆኑ ጽሑፉን እቤት ትቼው መጣሁ። ወንድሜ የሞቱት ተደብድበው ነው፤ ከእርሳቸው ሞት በፊትም በእርሳቸው ስህተት አንዲት ልጅ ተደብድባ ሞታለች። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ሁለቱንም ሞት ሳልናገር ከዚህ አልወርድም። ቤት ውስጥ አንተ እያልኩ ስጣላቸው የኖርኩትን ሰው ዛሬ አንቱ ማለቴ ወጉ ስለሆነ ነው፤ ቢሰሙኝ ይስቁብኝ ነበር።

በተለምዶ ጋሽ እንቢ እየተባሉ የሚጠሩት ወንድሜ ከቄራ ሠራተኛው አባታችንና የሆስፒታል አንሶላ ያጥቡ ከነበሩት እናታችን፣ በቄራው አጥር ጥግ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታችን ደም ለብሰው ይገባሉ፣ እናታችን ደም ሲያጥቡ ውለው ይገባሉ፤ ስለዚህ በእኛ ቤት ደም የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። አባታችን በሬ በሚጥሉበት እጃቸው ልጅም ይመቱ ነበር። ይህን በቀብር ላይ ማንበብ ነውር ነው የሚል አጎት አለን፤ ነውሩ መምታቱ ነበር እንጂ ማንበቡ አይደለም። ቀበቶው በወጣ ቁጥር ወንድሜ እኔን ከአልጋ ሥር አስገብተው እርሳቸው አልጋው ላይ ይቀመጡ ነበርና፣ የእኔን ድርሻ ጨምረው የተገረፉት እርሳቸው ናቸው። ሆስፒታል ተኝተው ገላቸውን ሳጥብ የቀበቶው ዘለበት ምልክት ከጀርባቸው ላይ አልጠፋም ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው፣ በትምህርታቸው መካከለኛ፣ በጠባያቸው ደግሞ ከመካከለኛ በታች ሆነው ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀዋል። በዚያም የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅ ሳሉ፣ ርእሰ መምህሩ በትምህርት ቤቱ አድራሻ የሚመጡትን የተማሪዎች ደብዳቤዎች በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እየከፈቱ እንደሚያነቡ ደርሰውበት፣ «ደብዳቤያችን ለምን እርጥብ ሆኖ ይደርሰናል?» የሚል ጽሑፍ ከሥዕል ጋር ለጠፉ። ርእሰ መምህሩ ጽሑፉን ትተው ሥዕሉን የሳለው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ወንድሜ «እንቢ» አሉ። በተማሪው ሁሉ ፊት በውሃ ጎማ መዳፋቸው እስኪሰነጠቅ ተገረፉ፤ በየምቱ መካከል «ማነው?» ሲባሉ «እንቢ» እያሉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ክንዳቸው ዝሎ የተቀመጡት ርእሰ መምህሩ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው እንቢ ሆነ፤ ጋሽ የሚለው ሽበት ሲመጣ የተጨመረ ነው። ሥዕሉን የሳለው ሰው አሁን በመካከላችን አለ፤ የት እንደቆመ ግን አልናገርም።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአንድ ፎቶ ቤት የማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው ፊልም ማጠብ ከተማሩ በኋላ ወደ ጋዜጣው ገብተው፣ በመጀመሪያ በፎቶግራፍ አንሺነት፣ ቀጥሎም በፎቶ ክፍል ኃላፊነት እስከ መጨረሻቸው አገልግለዋል። በጊዜው አሠራር ፎቶ ለኅትመት ሲዘጋጅ ኃላፊው የሚቀረውን በቀይ እርሳስ ያሰምራል፣ የማይፈለገውን በመቁረጫ ይቆርጣል፣ ቁራጩም ከጠረጴዛው ሥር ባለው ቅርጫት ውስጥ ወድቆ ከቆሻሻው ጋር ይቃጠላል። ወንድሜ በዚህ ሥራ የተመሰገኑ ነበሩ። ከሰልፍ በመጣ ፎቶ ላይ የሰው ፊት አይታተምም የሚል ሕግ ነበራቸው፤ የተነሣ ጡጫ፣ የተቀደደ ሸሚዝ፣ መሬት ላይ የቀረ ጫማ ያወጣሉ፣ ከአንገት በላይ ያለውን ግን ለቅርጫቱ ይሰጣሉ። ወጣት ፎቶ አንሺዎች «ጋሼ፣ ሰውየውን አንገቱን ቀሉት እኮ» ሲሏቸው «እኔ ካልቀላሁት ሌላ ይቀላዋል» ይሉ ነበር።

ጋብቻቸውም ከዱላ የመጣ ነው። የተማሪዎች ሰልፍ ሲበተን ፎቶ ያነሡ ሳሉ አንድ ታጣቂ በጠመንጃ ሰደፍ ጎናቸውን ሰብሯቸው ወደ እኛ ሆስፒታል መጡ። የራጅ ባለሙያዋ «ትንፋሽ ያዙ» ስትላቸው «እንቢ፣ ያመኛል» አሉ፤ እርሷም «እንግዲያው አይያዙ፣ ይሙቱ» ብላ ቁልፉን ተጫነችው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ደህና ጎናቸውን ሳይቀር ሊያስነሡ ይመላለሱ ጀመር፤ በዓመቱም ተጋቡ። ከዚህ ጋብቻ አንዲት ሴት ልጅ ወልደው በፍቅር አሳድገዋል። ልጃቸው ሞባይል ጠጋኝ ስትሆን «ጠላቴን ቤቴ ውስጥ ቀልቤ አሳደግኩ» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር፤ የራሳቸው ስልክ በተበላሸ ቁጥር ግን ሳያፍሩ የሚሮጡት ወደ እርሷ ነው።

ስልክን በተመለከተ የነበራቸውን ጠባይ ቤተሰቡ ያውቀዋል። ቁም ነገር ሊወራ ሲል የሁላችንንም ስልክ ሰብስበው ድስት ውስጥ ይከቱና ይከድኑ ነበር፤ አንድ ቀን ባለቤታቸው ሳታይ ድስቱን እሳት ላይ ጥዳው የእኔ ስልክ እስከ ወዲያኛው ተሰናብቷል። የኮምፒዩተሩን፣ የቴሌቪዥኑንና የበሩን ካሜራ ዓይን የሚሸፍኑት ከእኔ ክፍል በሚሰርቁት የቁስል ፕላስተር ነበር። እኛ እንስቅ ነበር። እርሳቸው ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን አባባል እንደ ጸሎት ይደግሟት ነበር።

በእሑድ እትም ላይ «የሳምንቱ እንቢታ» በሚለው ዓምዳቸው ብዙዎቻችሁን አስቆጥተዋል፤ የተቆጣችሁት በትክክል ነው፣ ሊያስቆጡ ነው የጻፉት። ነጻ ነው እየተባለ ስለሚሰጥ የስልክ አገልግሎት ሲጽፉ «ለውሻ አጥንት የሚወረወርለት እንዲጠግብ ሳይሆን እንዳይጮህ ነው» አሉ። የምደብቀው ነገር የለኝም ለሚሉ ሰዎችም «አንተ ባትደበቅ ሌላው ባንተ ስልክ ውስጥ ተደብቋል፤ የግቢህን በር ስትከፍት የተከራዮችህንም ክፍል ነው የምትከፍተው» ሲሉ መለሱ። ማስታወቂያን ዜና አስመስለው የሚያትሙትን የራሳቸውን አለቆች የታመመ በሬ በጤነኛ ማኅተም ከሚሸጡ ሰዎች ጋር አመሳሰሏቸው፤ ለዚህም ደመወዛቸው ተቀጣ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባቸው ግን የሬሳ ፎቶ ነበር። የሀብታም ሬሳ አንሶላ ይለብሳል፣ የድሃ ሬሳ ግን አፉን ከፍቶ የፊት ገጽ ላይ ይወጣል፤ ይህን የሚያደርግ አዘጋጅ ሟቹን ዳግመኛ ገደለው ብለው ያምኑ ነበር። አንድ ሕንጻ በተደረመሰ ዕለት ልጇ ከፍርስራሽ ሥር እየተጎተተ ሳለ እናቲቱን «ምን ተሰማዎት?» ብሎ ማይክራፎን የደቀነባትን የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በቡጢ አፍንጫውን ሰብረውታል። እኔ ነኝ ያሸግሁለት፤ እውነቱን ለመናገር ቀስ ብዬ አላሸግሁም።

ወደ ከባዱ ክፍል ደረስኩ። ባለፈው ዓመት በልብስ ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኞች ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ካሜራ ተሰቀለ። አስተዳደሩ ስርቆትን ለመከላከል ነው አለ፤ ሴቶቹ ግን ሲያወልቁ የሚታዩበትን ስክሪን የጥበቃ ኃላፊው ምሳውን እየበላ እንደሚያየው ያውቁ ነበር። አቤት ብለው ሰሚ ሲያጡ ካሜራዎቹን ከግድግዳው ገንጥለው ሥራ አቁመው ወደ አደባባይ ወጡ። ጥበቃዎቹና ሊያግዟቸው የመጡት ባለ ደንብ ልብሶች በቆመጥ ተቀበሏቸው። ወንድሜ መኪና ጣሪያ ላይ ወጥተው ሲያነሡ ዋሉ፤ ራሷ የተፈነከተች ሴት ጓደኛዋን እየጎተተች ስታልፍ፣ ነፍሰ ጡር ስትረገጥ፣ ሁሉንም አነሡ። ከመካከላቸው አንዷ የሸሚዝ ቁልፍ ተካይ፣ ገመዱ የተንጠለጠለ የተሰባበረ ካሜራ በቀኝ እጇ ወደ ላይ ይዛ፣ ከኋላዋ ጓደኞቿ ተደርድረው የተነሣችበት ፎቶ የዕለቱ ዋና ፎቶ ሆነ።

ወንድሜ እንደ ልማዳቸው ቆረጡት። በጋዜጣውም በድረ ገጹም ላይ የወጣው እጅና የተሰበረ ካሜራ ብቻ ነው። ነገር ግን አዲሱ የድረ ገጽ አሠራር ሲቆርጡ አይቆርጥም፣ ይሸፍናል እንጂ፤ ሙሉው ፎቶ ከሥር ተቀምጦ፣ ምስሉን ወደ ራሱ ስልክ ላወረደ ሰው ሁሉ እንዳለ ይወርድለታል። ፎቶ በእጁ ለቆረጠ ሰው የተቆረጠ ነገር ተቆርጧል፤ ቅርጫት ገብቷል፣ ተቃጥሏል። ድስት ውስጥ ያለን ስልክ የሚጠረጥሩት ወንድሜ መቀሱን አልጠረጠሩም። የተመነጠሩት ግን እርሳቸው አልነበሩም።

በማግስቱ ማለዳ ላይ ሰዎች ወደ ቁልፍ ተካይዋ ቤት መጡ። አባቷ፣ የአውቶቡስ መካኒኩ፣ ሥራ ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። ሰዎቹ ልጅቱን ከአልጋዋ በጠጉሯ ጎትተው አውጥተው በግቢው ሲሚንቶ ላይ፣ ካሜራውን ያነሣችበትን እጅ አስቀድመው፣ ቀጥለው ሌላውን አካሏን በቆመጥ ቀጠቀጡት። አባትየው ሊያስጥሉ ሲገቡ አንዱን በአንገቱ አንቀው ኪሱን ቀደዱት፤ ከኪሱ የወጣው ሙሉው ፎቶ ነበር። ልጅቱ እኛ ክፍል ስትደርስ መንጋጋዋ ከቦታው ወጥቶ፣ የቀኝ እጇ ጣቶች አንዱ ከሌላው የማይለዩ ሆነው ነበር። ሐኪሞቹ ሆዷን ሲከፍቱ ደሙ ጎርፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እኔ ነበርኩ እጇን የያዝኩት፤ ደህናውን። እኩለ ቀን ላይ አረፈች። በዚያው ሳምንት በፎቶው ላይ ከነበሩት ሌሎች ሴቶች አንዷ ዓይኗን አጣች፣ አንዷ ጽንሷን አጣች፣ የቀሩት ቤታቸውን ጥለው ሸሹ።

አባትየው የልጃቸውን ሬሳ ከመረከባቸው በፊት ወደ ጋዜጣው ሄደው ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ይሄን ማነው ያነሣው?» አሉ። በክፍሉ የነበረ ሁሉ አቀረቀረ። ወንድሜ ፎቶውን አይተው የሆነው ነገር በአንዴ ገባቸው፤ የድረ ገጹ ባለሙያ ከጊዜ በኋላ ያስረዳቸው የገባቸውን ለማረጋገጥ ብቻ ነበር። «እኔ ነኝ» አሉ። መካኒኩ በመፍቻ የጠነከረ እጃቸውን ጨብጠው የወንድሜን አፍ ሲመቱት የፊት ጥርሶቻቸው ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። ባልደረቦቻቸው መካኒኩን ሊይዙ ሲነሡ ወንድሜ በደም አፋቸው «ተዉት፣ አትንኩት፣ ይምታኝ» አሉ። መካኒኩ ግን አንድ ጊዜ መትተው ተቀመጡና አለቀሱ።

የጋዜጣው ባለቤት ነገሩ በዝምታ እንዲያልፍ፣ ካልሆነም «በቴክኒክ ችግር» ተብሎ በአጭሩ እንዲገለጽ ወሰኑ። ወንድሜ «ማሽን ጥፋተኛ ነው በተባለ ቁጥር እውነተኛው ጥፋተኛ ምሳውን እየበላ ነው» አሏቸው። ከዚያም የማተሚያ ቤቱን ሰዎች አግባብተው፣ ፎቶው ወጥቶበት በነበረው ቦታ የራሳቸውን ፊት፣ አፋቸው እንዳበጠ፣ ምንም ሳይቆርጡ አሳተሙት። ከሥሩ የጻፉት አጭር ነበር። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የምንሠራበትን ዕቃ ሳላውቀው ሰው ገድዬበታለሁ፤ የደበደቧት ግን ስም፣ ደመወዝና አለቃ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ፋብሪካውም ይጠየቅ የሚል ነው። በማግስቱ ከሥራ ተሰናበቱ።

የስንብት ደብዳቤያቸው ቀለም ሳይደርቅ፣ በዚያ ሰልፍ የተነሡት ፎቶዎች በሙሉ እንዲሰጡ ከበላይ ታዘዘ፤ ባለቤቱም «ትእዛዝ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብለው ተስማሙ። ፎቶዎቹ በተቀመጡባቸው ዲስኮች ላይ ገና ያልወጡ የብዙ ሰዎች ፊቶች ነበሩ። ከሰልፉ ጋር ግን የወንድሜ ዕድሜ ልክ ሥራም በዚያው ላይ ነበር፤ ከፊልም አንድ በአንድ ያስገለበጡት ሁሉ፣ እናታችን አንሶላ ሲያሰጡ፣ ልጃቸው መጀመሪያ ስትራመድ፣ ባለቤታቸው በራጅ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ስትስቅ። ለይቶ ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቋት፤ «አባዬ፣ የሚያውቅ ሰው ከጠፋውም ያወጣዋል» አለቻቸው። በዚህ ጊዜ ግን መጠርጠር አልዘነጉም። ወደ ቢሮው የቀረ ዕቃዬን ልውሰድ ብለው ገብተው፣ ዲስኮቹን ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ወሰዱና በሩን ከውስጥ ዘግተው በመዶሻ ያደቅቋቸው ጀመር። ዲስኮቹን ሊረከቡ የመጡት ሰዎች በሩን ሲሰብሩ ወንድሜ የመጨረሻውን እያደቀቁ ነበር።

የሆነውን የማውቀው በገላቸው ላይ ከነበረው ነው፤ ገላ ደግሞ አይዋሽም። መዶሻውን የያዘውን እጅ በበሩና በመቃኑ መካከል አስገብተው ዘግተውበታል። በመታጠቢያ ሳህኑ ጠርዝ ግንባራቸውን አጋጭተውታል። ከወደቁ በኋላ በጫማ ጎንና ጎናቸውን ረግጠዋቸዋል፤ ድሮ የተሰበረው ጎን እንደገና ተሰብሯል፣ ሆስፒታል ከመጡ ጀምሮ ኩላሊቶቻቸው ደም እንጂ ሽንት አልሰጡም። ይጠየቁ የነበረው «የማን የማን ፊት ነበረበት?» ተብለው እንደሆነና ምን እንደመለሱ እንደምትገምቱ አውቃለሁ። ባለቤታቸው ራጁን ራሷ አነሣችው፤ ፊልሙን ብርሃኑ ላይ ሰቅላ አይታ፣ ወጥታ ግድግዳውን በጡጫዋ መታች። ከዚህ በኋላ በእኛው ክፍል፣ በእኔው እጅ፣ ለሳምንታት ሲታመሙ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ የኩላሊት ድካም ተብሎ ተጽፏል። ኩላሊት ዝም ብሎ አይደክምም፤ የገደሏቸው ሰዎች እስከ ዛሬ ደመወዝ እየበሉ ነው፤ እኔም በእነርሱ ላይ ያለኝን ቁጣ በቀብር ቀን ለስላሳ አደርገው ዘንድ አልችልም።

ወንድሜ የአንዲት ሴት ባል፣ የአንዲት ሴት ልጅ አባትና የእኔ ታላቅ ነበሩ፤ እኛን ሦስታችንን ትተውናል። በዲስኮቹ ላይ የነበሩትንም ትተዋል፤ እነርሱ ዛሬ በየቤታቸው አሉ፣ ማንም አልመጣባቸውም።

የጋዜጣው ባለቤት በላኩት ጽሑፍ ላይ ማንንም ሳያስቀይሙ ኖሩ ተብሎ ነበር። ትናንት መካኒኩ ለቅሶ ቤት መጥተው በሩ ላይ ቆሙና «ነገ አንቺ ነሽ የምታነቢው አሉኝ። ይቅር አላልኩትም። እሱንም አንብቢው» አሉኝ። እኔም ባይመጡ የሚፈርድብዎት የለም ብላቸው «እመጣለሁ» አሉ፤ «የልጄን አፈር ሲያለብስ አፉ ገና እየደማ ነበር። እኔም አለብሰዋለሁ። ይቅርታ ግን የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነበር» አሉ። እንደታዘዝኩት አንብቤዋለሁ፤ አሁን ከእናንተ ጋር ቆመዋል፣ ማንም ዞር ብሎ እንዳያያቸው እለምናለሁ።

እንግዲህ ለነፍሳቸው እረፍት እንለምን። ፈጣሪ አስቀድሞ የልጅቱን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ። ወንድሜ ተራቸውን ይጠብቃሉ።